የወሊድ ፈቃድ በሳምንት ብዛት ብቻ አይመዘን፤ ክፍያው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይታይ

የሠራተኛ ሕግ ለምታረቅቁና ለምታጸድቁ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ለምታስተዳድሩ፣ የሀገራትን የወሊድ ፈቃድ በሠንጠረዥ እያነጻጸራችሁ ለሕዝብ ለምታቀርቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድና ክፍያ በሀገራት መካከል ሲነጻጸር መታየት ስላለበት ነገር

ክቡራን፣

የወሊድ ፈቃድ ሕግ ሊሻሻል ሲታሰብ መጀመሪያ የሚደረገው የሌሎችን ተሞክሮ ማየት ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን በየስብሰባው የሚታደለው ሠንጠረዥ በአብዛኛው ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ በአንዱ የሀገር ስም፣ በሌላው የሳምንት ብዛት። ብሪታንያ 52፣ ሕንድ 26፣ ጀርመን 14፣ ስዊዘርላንድ 14፣ ናይጄሪያ 12፣ አሜሪካ 12። ይህን ያየ ሰው በብሪታንያ የምትወልድ ሠራተኛ በጀርመን ከምትወልደው አራት እጥፍ ገደማ ትጠቀማለች ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሆኖም ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ሙሉ ደመወዝ ያለው፣ ሌላው ግማሽ፣ ሌላው ደግሞ ምንም የማይከፈልበት ነው። አንዱን ሁሉም የሚያዋጣበት ፈንድ ይከፍለዋል፤ ሌላውን አሠሪው ብቻውን ይሸከመዋል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሕግ አውጪውን ያሳስታሉ።

ይህን የምንጽፈው በሠራተኛ ሕግና በማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሳምንት ከመጨመራችሁ በፊት ክፍያው ከማን እንደሚወጣ ወስኑ። ረጅም ፈቃድ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሴቶችን ከቅጥር ሲያርቅ፣ አጠር ያለው ደግሞ በትክክል ተከፍሎ ብዙ እናቶችን ሲደግፍ የሚታየው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው።

ከመለኪያው እንጀምር። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተቋቋመበት በ1919 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 3 የወሊድ ፈቃድን 12 ሳምንት አድርጎ ነበር። በ2000 የወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ወለሉን ወደ 14 ሳምንት አሳደገው፤ ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ ከወሊድ በኋላ የግድ የሚወሰዱ ናቸው፤ ክፍያው ከቀድሞ ገቢ የሚሰላ ከሆነም ከሁለት ሦስተኛ ማነስ የለበትም። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 191 ወደ 18 ሳምንት እንዲደረስ ይመክራል። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው 14ቱን ሳምንት ነው። አንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 8 ግን ይዘለላል። እዚያ ላይ የተቀመጠው መርሕ ክፍያው በግዴታ ማኅበራዊ መድን ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈንና አሠሪው ቀጥተኛውን ወጪ በግሉ እንዲሸከም እንዳይደረግ ነው፤ ቀድሞ በሀገሩ ሕግ የነበረ ካልሆነ ወይም መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች በሀገር ደረጃ ካልተስማሙበት በስተቀር። ስምምነቱን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አንቀጽ ያስገቡበትን ምክንያት ወደ ኋላ በቁጥር እናሳያለን።

ሠንጠረዥ ስትሠሩ የመጀመሪያው እርምጃ ሳምንቱን ወደ ሙሉ ደመወዝ መመንዘር ነው። ክፍያ ያለበትን ሳምንት ሁሉ በክፍያው መቶኛ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ። የናይጄሪያ የሠራተኛ ሕግ 12 ሳምንት በግማሽ ደመወዝ ይሰጣል፤ ሲመነዘር 6 ሳምንት ነው። ቡልጋሪያ 410 ቀን በ90 ከመቶ ትከፍላለች፤ 369 ቀን ሙሉ ደመወዝ፣ ማለትም ከ52 ሳምንት ጥቂት በላይ ይሆናል። የአሜሪካው የ1993 የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለ12 ሳምንት ሥራዋን ያቆይላታል እንጂ አይከፍላትም፤ ምንዛሪው ዜሮ ነው። አሜሪካን በአንድ መስመር መጻፍ ራሱ ስሕተት መሆኑንም አስታውሱ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ 12 ሳምንት የተከፈለበት ፈቃድ አላቸው፤ ካሊፎርኒያም ከ2004 ጀምሮ የራሷን የቤተሰብ ፈቃድ ክፍያ ትሰጣለች።

የብሪታንያው 52 ሳምንት ሲፈታ የበለጠ ያስተምራል። ክፍያ ያለበት 39ኙ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በአማካይ ሳምንታዊ ገቢዋ 90 ከመቶ ይከፈላሉ። ለቀሩት 33 ሳምንታት ከ90 ከመቶው እና ከተወሰነው ተመን ያነሰው ይሰጣታል፤ ተመኑ በ2025/26 የበጀት ዓመት በሳምንት 187.18 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 200 ፓውንድ የምታገኝ ሠራተኛ 90 ከመቶዋ 180 ስለሆነ 39ኙንም ሳምንት በዚያው ልክ ታገኛለች፤ ሲመነዘር 35 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ነው። 600 ፓውንድ የምታገኘው ወደ 16 ሳምንት ትጠጋለች። 1000 የምታገኘው 12 ሳምንት አይሞላላትም። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሦስት ስለሆነ ሠንጠረዣችሁ ቢያንስ ለዝቅተኛ፣ ለመካከለኛና ለከፍተኛ ደመወዝ ለየብቻ መሠራት አለበት።

ካናዳ ላይ ደግሞ ርዝመት ራሱ ያታልላል። የወሊድ ክፍያው 15 ሳምንት በ55 ከመቶ ነው። ከዚያ እናትም አባትም ሊወስዱት የሚችሉት የወላጅነት ክፍያ ይከተላል፤ እናቲቱ ብቻዋን ከወሰደችው ወይ እስከ 35 ሳምንት በ55 ከመቶ፣ ወይ እስከ 61 ሳምንት በ33 ከመቶ። የመጀመሪያው አማራጭ ሲመነዘር ከወሊዱ ጋር 27 ሳምንት ተኩል ይሆናል፤ ሁለተኛው 28 ሳምንት ከጥቂት ቀን። ስድስት ወር የሚጠጋ ተጨማሪ ፈቃድ የመጣው ያው ገንዘብ ቀጥኖ ስለተከፋፈለ ነው። አንዴ የወላጅነት ክፍያው ከተጀመረ ምርጫውን መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ ምልክት ከማድረግ በፊት የወር ወጪን ማስላት ግድ ነው።

ከመቶኛው ቀጥሎ የሚታየው ጣሪያው ነው። «ሙሉ ደመወዝ» ተብሎ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ነው። ኖርዌይ 49 ሳምንት በ100 ከመቶ ትሰጣለች፤ ነገር ግን የሚታሰበው ገቢ የብሔራዊ መድኑ መነሻ መጠን (በየዓመቱ የሚስተካከል የስሌት መነሻ ገንዘብ) 6 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። ስዊዘርላንድ ለ98 ቀን 80 ከመቶ ትከፍላለች፤ በቀን ከ220 ፍራንክ አያልፍም። መቶኛው ከየትኛው ደመወዝ እንደሚቆረጥም ጠይቁ። የጀርመኑ የወላጅነት አበል ለአብዛኛው ወላጅ 65 ከመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን ግብርና መዋጮ ከተነሣለት የተጣራ ገቢ ነው። የጃፓኑ የልጅ ማሳደጊያ ፈቃድ ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ካልተጣራው ደመወዝ 67 ከመቶ ነው። የገቢ ግብርና የማኅበራዊ መድን መዋጮ ስለማይቆረጥበት ግን እጅ ላይ የሚደርሰው ቀድሞ ከምትወስደው 80 ከመቶ ገደማ ይሆናል። የብሪታንያው ግብር ይቆረጥበታል። ሦስቱን ጥሬ መቶኛዎች አንድ ዓምድ ውስጥ መደርደር ትርጉም የለውም።

ስሙም ያሳስታል። «የወሊድ ፈቃድ» የሚለውን ብቻ የፈለገ ሰው ጀርመንን በ14 ሳምንት ይዘጋታል፤ 6 ከወሊድ በፊት፣ 8 በኋላ። ከዚያ የሚከተለውን የወላጅነት አበል አያየውም፤ አንዱ ወላጅ እስከ 12 ወር፣ ሁለቱም ከተካፈሉት በድምሩ 14 ወር የሚከፈል ነው፤ ትንሹ 300 ዩሮ፣ ትልቁ 1800 ዩሮ በወር። ስዊድን በ1974 የእናቶችን ክፍያ ለሁለቱም ወላጆች በሚሆን አንድ ሥርዓት ተክታዋለች። አሁን 480 ቀን አለ፤ 390ው በገቢ ላይ የተመሠረተና ወደ 80 ከመቶ የሚጠጋ፣ 90ው በቀን 180 ክሮነር። አውስትራሊያም የምትከፍለው «የወላጅነት ክፍያ» ብላ ነው፤ መጠኑም ደመወዟ ምንም ይሁን ምን በብሔራዊው ዝቅተኛ ደመወዝ ልክ ነው፤ ገንዘቡ ከጠቅላላ ግብር ይወጣል። ሠንጠረዡ «ለእናት ብቻ» እና «ለሁለቱ የጋራ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ከሌሉት እነዚህ ሀገራት ሁልጊዜ ከቦታቸው ይወድቃሉ።

የቀን አቆጣጠርም አለ። የኡጋንዳ ሕግ 60 የሥራ ቀን ይላል። በሳምንት 5 ቀን ለምትሠራው 12 ሳምንት ነው፤ 6 ቀን ለምትሠራው 10። ብዙ ሰዓት የምትሠራዋ አጭር ፈቃድ ታገኛለች ማለት ነው። በረቂቃችሁ «ቀን» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ተከታታይ የቀን መቁጠሪያ ቀን መሆኑን ጻፉ፤ ካልተጻፈ ክርክሩ ከሰው ኃይል ክፍል ተነሥቶ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ከፋዩ።

በብዙ ሀገራት ሕጉ ፈቃዱን ይደነግግና ሂሳቡን ለአሠሪው ይሰጣል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የኬንያው የ2007 የቅጥር ሕግ ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ ይላል፤ ከፋዩ አሠሪው ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 60 ቀን፣ 45ቱ በሙሉ 15ቱ በግማሽ ደመወዝ፤ ከፋዩ አሁንም አሠሪው ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በማንኛውም ገንዘብ ማስላት ይቻላል። አራት ሠራተኛ ያለው ድርጅት እናስብ፤ እያንዳንዳቸው በወር 10,000 ያገኛሉ። የዓመቱ ደመወዝ 480,000 ነው። አንዷ 14 ሳምንት በሙሉ ደመወዝ ብትወጣ ድርጅቱ ሥራ ሳይሠራበት ከ32,000 በላይ ይከፍላል፤ የዓመቱን ደመወዝ 6.7 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። ተተኪ ከቀጠረም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ብትወልድ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ጎረቤቱ ያለው፣ አራት ወንዶች ቀጥሮ የሚያሠራ ድርጅት ምንም አያወጣም። አሠሪውን በክፋት ከመክሰስ በፊት ሕጉ ምን ዓይነት ሂሳብ እንዳቀረበለት ማየት ይገባል። በዚህ ሂሳብ ምክንያት ነው በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ የጋብቻ ጥያቄ የሚነሣው፣ ለወጣት ሴቶች የስድስት ወር ውል የሚበዛው፣ እርግዝናው በሙከራ ጊዜ ከታወቀ «ብቃት አላሳየችም» የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው። ፈቃዱን ማርዘም ይህን ጫና ያባብሰዋል።

ሕንድ ይህን በግልጽ ታሳያለች። በ2017 የተሻሻለው ሕግ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ፈቃዱን ከ12 ወደ 26 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ አሳደገው። በሠራተኞች የመንግሥት መድን የታቀፈችውን መድኑ ይከፍላታል። የመድኑ የደመወዝ ጣሪያ በወር 21,000 ሩፒ ስለሆነ ከዚያ በላይ የምታገኘውን ግን አሠሪዋ ብቻውን ይከፍላታል። በአንድ ሕንፃ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ለአንዱ አሠሪ በጣም የተለያየ «ዋጋ» አላቸው፤ ደመወዟ ባደገ ቁጥር የመቀጠርና የማደግ ዕድሏ ላይ የሚጫነው ክብደትም ይጨምራል።

አሁን ያንኑ ስሌት በጋራ ፈንድ እንየው። 50 ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው በወር 10,000፤ የዓመቱ ደመወዝ 6,000,000። ከዚህ ላይ 0.6 ከመቶ ቢዋጣ 36,000 ይሰበሰባል። ይህ ከአንድ የ14 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል። ስለዚህ በዓመት ከ50 ሠራተኛ አንዷ የምትወልድ ከሆነ ከመቶ ብር ደመወዝ ላይ ስልሳ ሳንቲም ሙሉውን ወጪ ይሸፍነዋል፤ ሁለት የሚወልዱ ከሆነ 1.1 ከመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ይህን መጠን በሀገራችሁ ያለውን የሴት ሠራተኞች ድርሻና የወሊድ መጠን አስገብታችሁ በአንድ ቀን ልታሰሉት ትችላላችሁ።

የ0.6 ከመቶው ቁጥር በዘፈቀደ የተወሰደ አይደለም። ሩዋንዳ በ2016 ባወጣችው ሕግ የወሊድ መድን ያቋቋመችው ሠራተኛው 0.3፣ አሠሪው 0.3 ከመቶ እንዲያዋጡ አድርጋ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ያዋጣሉ። የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት አሠሪው ከራሱ ይከፍላል፤ ቀሪውን ፈንዱ ይሸፍናል። ፈቃዱ መጀመሪያ 12 ሳምንት ነበር፤ በ2023 ወደ 14 አደገ። እኛ ይህን አካሄድ የምናደንቀው ገቢዋ አነስተኛ የሆነች ሀገር ፈንዱን አስቀድማ አቋቁማ፣ ሥራ ላይ አውላ፣ ከዚያ በኋላ ሳምንት ስለጨመረች ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ አሠሪው በመድን ከታቀፉት ሠራተኞቹ ሁሉ ደመወዝ ላይ 0.75 ከመቶ ለወሊድ መድን ይከፍላል፤ ክፍያውን ለእናቲቱ የሚሰጠው የማኅበራዊ ዋስትናው ተቋም ነው። በጀርመን የጤና መድኑ በቀን እስከ 13 ዩሮ ይከፍላል፤ እስከ ተጣራ ደመወዟ ድረስ ያለውን ልዩነት አሠሪው ይሞላና ገንዘቡን አሠሪዎች ሁሉ ከሚያዋጡበት የማካካሻ ፈንድ ይመለስለታል። ወንዶች ብቻ የሚሠሩበት ድርጅትም ያዋጣል። ስዊዘርላንድ ከ2005 ጀምሮ የወሊድ ክፍያን የምትሰጠው ለወታደራዊ አገልግሎት የሚወጡ ሰዎችን ገቢ ከሚያካክሰው ፈንድ ነው፤ ሀገርን ማገልገልና ልጅ መውለድ በአንድ ቋት መያዛቸው ጥሩ አስተሳሰብ ይመስለናል። ብሪታንያ ለአሠሪው ከከፈለው 92 ከመቶውን፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ሙሉውንና ተጨማሪ ማካካሻ ትመልሳለች።

ፈንድ ስላለ ብቻ ነገሩ ይሰምራል ማለት አይደለም፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። መዋጮው ከሴት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ብቻ ከታሰበ ሴት መቅጠር እንደገና ይወደዳል፤ የፈንዱ ጥቅም ይጠፋል። አሠሪው አስቀድሞ ከፍሎ ከፈንዱ እንዲያስመልስ ከተደረገ ተመላሹ በዘገየ ቁጥር ትንሹ ድርጅት ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ብሪታንያ እንደምታደርገው መክፈል የማይችለው አሠሪ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅበት መንገድ ይኑር፤ ከዚያ የተሻለው ደግሞ ፈንዱ በቀጥታ ለእናቲቱ መክፈሉ ነው። የወሊድ መዋጮው ከጡረታው ጋር በአንድ ሂሳብ ከገባ የጡረታው ጉድለት ይውጠዋል፤ ሂሳቡ ተለይቶ ይያዝ። አሠሪው ለፈንዱ የሚያስመዘግበው ደመወዝ ከእውነተኛው ያነሰ ከሆነም ጉዳቱ የሚገለጠው በወሊድ ጊዜ ነው፤ ሠራተኛዋ የተመዘገበላትን ደመወዝ በየወሩ ራሷ የምታይበት ሥርዓት ከጅምሩ ያስፈልጋል።

የአማካይ ገቢ ስሌቱ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የብሪታንያው አማካይ የሚወሰደው ከስምንት ሳምንት ደመወዝ ነው። በእርግዝና ሕመም ምክንያት በእነዚያ ሳምንታት ደመወዟ የቀነሰ ሴት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የምታገኘው 90 ከመቶም አብሮ ይቀንሳል። በጀርመን የወላጅነት አበሉ በመሠረቱ ከልደቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ገቢ ይሰላል፤ ማመልከቻው ከዘገየም ወደ ኋላ የሚከፈለው የሦስት ወር ብቻ ነው፤ ቅጹን በስድስተኛው ወር ያስገባ ወላጅ ያለፈውን አያስመልስም። በሕጋችሁ ውስጥ የሕመም ወራት ከአማካዩ ይውጡ፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ለአራስ ሰው የሚቻል ይሁን።

ቀጥሎ ማን እንደሚታቀፍ ይታይ። ሕጉ ምን ያህል እንደሚሰጥ ከመጠየቅ ይልቅ ለማን እንደማይሰጥ መጠየቅ ይበልጥ ያሳያል። የአሜሪካው ሕግ የሚመለከተው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው፤ ሠራተኛዋም 12 ወር ያገለገለችና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራች መሆን አለባት። ብሪታንያ ከሚጠበቀው የወሊድ ሳምንት በፊት ባለው 15ኛው ሳምንት ላይ 26 ሳምንት ያገለገለችን ትፈልጋለች፤ ይህም ማለት ነፍሰ ጡር ሆና ሥራ የቀየረች ሴት ከአሠሪዋ የምታገኘውን ክፍያ ታጣለች። እዚያ ግን ማሟያ መንገድ አለ፤ ከመውለዷ በፊት ባሉት 66 ሳምንታት ውስጥ 26ቱን የሠራች ሴት ከመንግሥት የሚሰጠውን የእናትነት አበል ማመልከት ትችላለች። ሕንድ ባለፉት 12 ወራት 80 ቀን መሥራትን ትጠይቃለች፤ ካናዳ 600 የመድን ሰዓት። የአገልግሎት መስፈርት ማስቀመጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ መስፈርቱን ላላሟላችው ሁለተኛ በር አለማስቀመጥ ነው ጥፋቱ።

የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች፣ የቤት ሠራተኞችና ውል የሌላቸው ሠራተኞች በአብዛኞቹ ሠንጠረዦች ውስጥ የሉም። ጃፓን ውስጥ የወሊድ ክፍያው የሚመጣው ከተቀጣሪዎች የጤና መድን ስለሆነ በብሔራዊው የጤና መድን ያለችው የግል ሠሪ ተመሳሳዩን አታገኝም። በካናዳዋ ኩቤክ በ2006 የተጀመረው የተለየ መድን ግን የግል ሠሪዎችንም ያቅፋል፤ እነሱም ያዋጣሉ። ስዊድን ገቢ ላልነበራት እናት በቀን 250 ክሮነር ትሰጣለች። ሕንድ ከመደበኛው ቅጥር ውጭ ላሉት ለመጀመሪያ ልጅ 5,000 ሩፒ የምትሰጥበት መርሐ ግብር አላት፤ አነስተኛ ነው፣ ግን ጭራሽ ከመዘንጋት ይሻላል። ሕጋችሁ በሥራ ላይ ካሉት ሴቶች ስንቱን እንደሚሸፍን የሚያሳይ አንድ ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ ይጨመር።

ወሊድ በቀጠሮው አይመጣም፤ ረቂቅ ሕጎች ግን እንደሚመጣ አድርገው ይጻፋሉ። ሕፃኑ ከተጠበቀው ቀን ዘግይቶ ሲወለድ ቅድመ ወሊዱ ይረዝማል፤ ፈቃዱ አንድ ድምር ሆኖ የተደነገገ ከሆነ የዘገየው ቀን ከድኅረ ወሊዱ ይቀነሳል። ስምምነት 183 በተጠበቀውና በእውነተኛው ቀን መካከል ያለው ጊዜ የግዴታውን ድኅረ ወሊድ ሳይነካ እንዲጨመር ያዛል። ቀድሞ ሲወለድ ደግሞ ያልተወሰደው ቅድመ ወሊድ ምን ይሁን? በጀርመን ወደ ድኅረ ወሊዱ ይዛወራል፤ ከዚህም በላይ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃንና ለመንታ 8ቱ ሳምንት 12 ይሆናል። እንዲህ ካልተጻፈ በ30ኛው ሳምንት የወለደች እናት የፈቃዷን ትልቅ ክፍል ሆስፒታል በር ላይ ትጨርሰውና ልጇ ቤት በገባ ማግስት ወደ ሥራ ትጠራለች። ስዊዘርላንድ ከ2021 ጀምሮ ሕፃኑ ቢያንስ 14 ቀን ሆስፒታል ከቆየ ክፍያውን እስከ 56 ቀን ታራዝማለች። ብሪታንያም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለዚሁ እስከ 12 ሳምንት የተለየ ፈቃድ አላት።

ፅንሷን ያጣች ሴትም ሕግ ያስፈልጋታል። ፊሊፒንስ 60 ቀን ከክፍያ ጋር ትሰጣለች፤ ሕንድ 6 ሳምንት። ቻይና እርግዝናው ከአራት ወር በታች ከነበረ 15 ቀን፣ አራት ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ 42 ቀን ትፈቅዳለች። ጀርመን ከጁን 2025 ጀምሮ ከ13ኛው ሳምንት አንሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ጥበቃ አስገብታለች፤ 2፣ 6 ወይም 8 ሳምንት። ይህ አንቀጽ በብዙ ረቂቆች ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ሴቲቱም የዓመት ዕረፍቷን አሟጥጣ ታዝናለች።

ወደ ሥራ ስለ መመለስ፦ ስምምነት 183 ነፍሰ ጡርን ወይም በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችን ማሰናበት ከልክሎ፣ ከሥራ ያስወጣት ምክንያት ከእርግዝናው ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳት ሸክሙን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ይህን ሸክም የማይጠቅስ ሕግ በተግባር ጥበቃ አይሰጥም፤ ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ልብ ውስጥ የነበረውን እንድታስረዳ ይጠይቃታልና። የተወሰነ ጊዜ ውል ማብቃት ደግሞ ሰፊው ቀዳዳ ነው። ውሉ በፈቃዷ መካከል ሲያልቅ አሠሪው አላሰናበታትም፣ ውሉ ነው ያለቀው ይባላል፤ ደመወዙን አሠሪው የሚከፍል ከሆነም ክፍያው አብሮ ይቆማል። ከፋዩ ፈንድ ሲሆን ክፍያው ውሉ ካለቀ በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ ይህን በግልጽ ደንግጉት። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ 14 ሳምንት ደግሞ ቅድመ ወሊዱን ጨምሮ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው ደመወዝ የማይቆረጥበት የማጥቢያ ዕረፍትና በሥራ ቦታ አቅራቢያ ያለ የሕፃናት ማቆያ ነው። ሕንድ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ሁሉ ማቆያ እንዲኖር አዛለች። የተከፋፈለ አጭር ዕረፍት ቤቷ ሩቅ ለሆነ እናት አይጠቅማትም፤ ሰዓቱን አጠራቅማ ቀደም ብላ እንድትወጣ ይፈቀድላት።

ስለ አባቶች በአጭሩ፦ ለሁለቱ በጋራ የተሰጠና የሚተላለፍ ፈቃድ በተግባር ወደ እናት ያዘነብላል። ስዊድን ለእያንዳንዱ ወላጅ 90 ቀን፣ ኖርዌይ ሙሉ ክፍያውን ለመረጡ 15 ሳምንት ለየብቻ ከልለዋል፤ ስፔን ከ2021 ጀምሮ ለሁለቱም እኩልና የማይተላለፍ ፈቃድ በሙሉ ክፍያ ትሰጣለች። አባትም እንደሚወጣ የሚያውቅ አሠሪ ሴቲቱን ብቻ የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል።

በመጨረሻ የምንጠይቀው ይህ ነው። ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት የሰው ኃይልና የደመወዝ ክፍል ሠራተኞችን አስቀምጣችሁ በስድስት ሰዎች ላይ ፈትኑት፦ ከአራት ወር በፊት የተቀጠረች፤ ውሏ በፈቃዷ በሁለተኛው ወር የሚያልቅ፤ በ30ኛው ሳምንት መንታ የወለደች፤ በአምስተኛው ወር ፅንሷን ያጣች፤ ለሁለት አሠሪ በከፊል ሰዓት የምትሠራ፤ እና የቤት ሠራተኛ። ለእያንዳንዷ ከየት፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈላት፣ ማመልከቻውን ለማን እንደምታስገባና እምቢ ከተባለች የት እንደምትሄድ ይጻፍ። ከስድስቱ ለአንዷ እንኳ መልስ ካልተገኘ አንቀጹ እንደገና ይረቀቅ። ሠንጠረዥ አዘጋጆችም የከፋዩን ዓምድ ከሳምንቱ ዓምድ በፊት አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
በሠራተኛ ሕግና በማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች